ጫማው የት ያድራል? በቁርና በእርጥበት ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ስለሚመረጥ ጫማ የተደረገ ዳሰሳ

ክረምት የሚለው ቃል በሁለት አገር ሁለት ነገር ነው። ለኢትዮጵያ ደገኛ ክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው፤ ውርጩ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ኦስሎ ወይም ሚኒሶታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ክረምት በረዶ ነው። ለቀናት የሚዘልቅ የእግር ጉዞ አስቦ ጫማ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ ለብርድ የተሠራ ጫማ ሁሉ ለእርጥብ ብርድም ይሆናል ብሎ ያምናል።

አይሆንም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶው ራሱ ደረቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ከጫማ ላይ ይራገፋል፤ ከውጭ የሚገባ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው በዜሮ ዙሪያ ያለው ነው፤ ካፊያው፣ ጠዋት ጠጥሮ ከሰዓት በኋላ የሚቀልጠው በረዶ፣ ረግረጉ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ። እግርን የሚያሞቀው በካልሲውና በገበሩ ክሮች መካከል ተይዞ የቆመው አየር ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከቆመ አየር 25 እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። የአየሩን ቦታ ውሃ ከያዘው ውዱም ጫማ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይከታተላል። የታሪኩ ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ውሃ እንዴት አይግባ በሚለው ላይ ተወስኖ ቆይቷል። ከአንድ ቀን ላለፈ ጉዞ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የገባው ውሃና እግር ያላበው ላብ ሌሊቱን በየት ይወጣል?

ፀጉር፣ ሣርና ጎማ

ይህን ጥያቄ ቀድመው የመለሱት የሰሜን ሕዝቦች ናቸው። በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖሩት ሳሚዎች ሬንዲር ከሚባለው የሰሜን አጋዘን የእግር ቆዳ፣ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንደሆነ፣ ጫማ ይሰፉና ውስጡን በደረቅ ሣር ይሞሉታል። ሣሩ እግርን ያሞቃል፣ ላብም ይጠጣል። ማታ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ ይደርቃል፤ ጠዋት ተመልሶ ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ዋልታ የዘመቱት አሳሾች ይህንኑ ጫማና ሣር ከሰሜን ገዝተው ይዘው ነበር።

የሳሚዎቹ ጫማ ግን የደረቅ ብርድ ጫማ ነው። በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ኢኑዊቶች ለዚያ ወቅት የተለየ ጫማ ነበራቸው፤ ፀጉሩ ከተላገ የሲል ቆዳ፣ መርፌው ቆዳውን ዘልቆ እንዳይበሳ በጥንቃቄ የተሰፋ፣ ውሃ የማያስገባ። ዛሬ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀላቀሉት ሁለት ዓይነት ጫማዎች እንግዲህ በሰሜን ሰዎች ዘንድ ከጥንት የተለዩ ነበሩ።

ፋብሪካው ወደዚህ የገባው በጎማ በኩል ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰነጠቅ ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት፤ የፈጠራ መብቱንም በ1844 አስመዘገበ። የጎማ ቦቲ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጎማ ውሃን ከሁሉ አብልጦ ይከለክላል፤ ነገር ግን የእግሩንም ላብ አያስወጣም፣ ቁርጭምጭሚት ላይም አይጠብቅም። በ1912 በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሊዮን ሊዮንዉድ ቢን ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ፤ ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንዶች 90ው ስፌታቸው ተቀዶ ተመለሱለት፤ ገንዘቡን ለገዢዎቹ መልሶ እንደገና ሠራ። ቆዳና ጎማ የሚገናኙበት መስመር ዛሬም የእንዲህ ዓይነት ጫማ ደካማ ቦታ ነው፤ ገዢ ጣቱን መጀመሪያ የሚያሳርፍበትም ቦታ እሱ መሆን አለበት።

በስዊድን ዮናስ ሉንድሃግ በ1932 የጀመረው ሥራ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ሉንድሃግስ በሚለው ስም የሚታወቀው የዛጎል ጫማ ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ ሆኖ የተሰፋ ገበር የለውም። ሙቀቱ ያለው በካልሲው ነው፤ ካልሲው ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ዛጎሉ በጨርቅ ይታበሳል። የሳሚዎቹ ሣር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከሁሉም የፋብሪካ መልሶች ለጥያቄው የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ከስካንዲኔቪያ ውጭ ያለመስፋፋቱም ያስገርመኛል።

ጦር ሜዳ የሰጠው ምስክርነት

በእርጥብ ብርድ የተጎዳ እግርን በብዛት ያየው የጦር ሐኪም ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ በየካቲት 1807 ከአይላው ውጊያ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር መዘገበ፤ ወታደሮቹ ብርዱ እጅግ በበረታባቸው ቀናት አላማረሩም፤ እግራቸው ታሞ የተገኘው አየሩ ሞቆ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ዛሬ ሐኪሞች ሁለት ጉዳት ይለያሉ። አንዱ ሥጋው ራሱ በረዶ የሚሆንበት ነው። ሌላው ሥጋው ሳይረጋ፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት በቀዝቃዛ እርጥበት ተነክሮ ነርቭና የደም ሥር የሚጎዳበት ነው። ሁለተኛው ከዜሮ በላይ ባለ አየር ይደርሳል፤ ቆፈን ይመስላል፣ ሕመም አይሰማም፤ ከተሞቀ በኋላ ግን ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል።

ይህ ሁለተኛው ጉዳት ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ እንግሊዞች ትሬንች ፉት አሉት፣ የምሽግ እግር። እስከ 1914 መጨረሻ ድረስ ብቻ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ ወታደሮች በዚህ እንደተጎዱ ይነገራል። መፍትሔው በየቀኑ ደረቅ ካልሲ መቀየር፣ እግርን በዓሣ ነባሪ ዘይት ማሸት፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አንዱ የሌላውን እግር መመርመር፣ የምሽጉን ወለል በሳንቃ ማንጠፍ ነበር። በተጨማሪም ከአንድ ሚሊዮን ጥንድ በላይ የጎማ ቦቲ ተሠርቶ ተላከ። የተጎጂው ቁጥር ቀነሰ። የቀነሰው በቦቲው ነው ወይስ በካልሲው? ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ ጫማ ሻጭና ሐኪም እስከ ዛሬ ከዚሁ ታሪክ ተቃራኒ ትምህርት ይወስዳሉ።

ኮሪያ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1950 በቾሲን ሐይቅ ዙሪያ የአሜሪካ ወታደሮች የተጫሙት ከታች ጎማ፣ ከላይ ቆዳ፣ ውስጡ የሱፍ ንጣፍ ያለው ጫማ ነበር። ሲጓዙ እግራቸው በላብ ይርሳል፤ ሲቆሙ ላቡ ይረጋል። ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትገባ የብዙዎች ጣት ጠፋ። ከዚህ በኋላ የመጣው መልስ ድፍረት የተሞላበት ነው፤ የሱፉን ንጣፍ በሁለት የጎማ ንብርብር መካከል አሽጎ መዝጋት። እግሩ በላብ ይርሳል፤ ላቡ ግን ሱፉ ጋ አይደርስም፣ ሙቀቱም አይጠፋም። ጥቁሩ ዓይነት ከዜሮ በታች እስከ 29 ዲግሪ፣ ነጩ እስከ 54 ዲግሪ እንዲያገለግል ተመደበ። በ1951 ኮሪያ የገባው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ የኮሪያን ብርድ በተራራ ላይ ያሳለፈው ይህ ሁሉ ለውጥ በሚደረግበት ጊዜ ነው፤ ትጥቁም አሜሪካ ሠራሽ ነበር።

የታሸገው ጫማ ለዘብ ጠባቂ ጥሩ ነው። ለረጅም ተጓዥ ግን ከባድ ነው፤ ለቀናት በላብ የተነከረ ቆዳም ይላላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል።

ለእኛ ርዕስ የሚቀርበው ምስክር እንግሊዝና አርጀንቲና የተዋጉበት ፎክላንድ ነው። በግንቦት 21 ቀን 1982 የእንግሊዝ ጦር ሳን ካርሎስ ላይ ሲወርድ በዚያ ንፍቀ ክበብ የብርድ ወቅት እየገባ ነበር። መሬቱ ረግረግ፣ አየሩ በዜሮ ዙሪያ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ። የባሕር ኃይሉ እግረኞች ከባድ ሸክም ተሸክመው ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግር ተጓዙ። ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር በቀጥታ የተጣበቀው አጭር ከስክስ ጫማቸው ውሃ ያስገባ ነበር፤ ከገባም በኋላ አይደርቅም፤ በድንኳንና በጉድጓድ የሚያድር ወታደር እሳት የለውም። ጦርነቱ በሰኔ 14 ሲያበቃ የምሽግ እግር የያዘው ሰው ብዙ ነበር፤ ሠራዊቱም ብዙ ሳይቆይ ጫማውን ለወጠ። የተማረኩትን የአርጀንቲና ወታደሮች የተሻለ ከስክስ የተመኙ የእንግሊዝ ወታደሮች ታሪክም ከዚህ ዘመቻ የቀረ ነው።

የሜምብሬኑ ተስፋና ወሰን

በ1969 ሮበርት ጎር ቴፍሎን የተባለው ፕላስቲክ በድንገት ሲሳብ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) እንደሚሆን አገኘ። ጎርቴክስ የሚባለው ጨርቅ በ1976 ገበያ ወጣ፤ ወደ ጫማም ገባ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ለውሃ ጠብታ ጠባብ፣ ለእንፋሎት ሰፊ ነው። ዝናቡ አይገባም፣ ላቡ ይወጣል ይባላል።

የሜምብሬን ደጋፊዎች ማስረጃ ጠንካራ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ፣ በጠል ሣር፣ በእርጥብ በረዶ ላይ ከሌለው ጫማ በግልጽ ይሻላል። ጥርጣሬው የሚጀምረው እንፋሎቱ በምን ኃይል እንደሚወጣ ሲጠየቅ ነው። እንፋሎት የሚወጣው የጫማው ውስጥ ከውጩ ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። ውጭው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ሲበሰብስ መውጫው ይዘጋል። ከሜምብሬኑ ውጭ ደግሞ ወፍራም ቆዳ፣ ሙጫና ጎማ አለ፤ በዝናብ ካፖርት ላይ የሚሠራው ነገር በጫማ ላይ በከፊል ብቻ ይሠራል። ውሃው በቁርጭምጭሚቱ በኩል ከገባ ደግሞ፣ አንድ የወንዝ ማቋረጫ ይበቃዋል፣ ያው ሽፋን ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። ውሃ እንዳይገባ የከለከለው ግድግዳ እንዳይወጣም ይከለክላል።

ሌላም ችግር መጥቷል። ሜምብሬኑና ውጩን ውሃ የሚያንሸራትተው ቅብ የሚሠሩባቸው ፍሎሪን የያዙ ኬሚካሎች በተፈጥሮ አይበሰብሱም፤ በውሃና በአፈር ይከማቻሉ። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ በልብስ ላይ ከልክላቸዋለች፤ ለከባድ ዝናብ የሚሆነውን ልብስ ግን እስከ 2028 ታግሳለች። ጎር ኩባንያም ከ2022 ጀምሮ ከፖሊኤቲሊን የተሠራ ሽፋን ወደ ገበያ አስገብቷል። ፍሎሪን የሌለበት አዲሱ ቅብ ግን ዘይትና ቆሻሻ ስለማይከላከል ቶሎ ቶሎ መታጠብና መታደስ ይፈልጋል፤ ሳምንት በጭቃ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሜምብሬን በፊት የነበረው ወፍራም፣ ሰም የጠጣ፣ ስፌቱ ጥቂት የሆነ ሙሉ ቆዳ ጫማም ጠበቃ አለው። ቀስ ብሎ ይርሳል፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሜምብሬን ሲቀደድ አይጠገንም፤ እሱ ግን ሰም እየተቀባ ይጠገናል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ እሳት ዳር ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። ቆዳ ጫማን ከእሳት ይልቅ የሚገድለው ነገር የለም።

እየረጠቡ መጓዝ ይሻላል የሚሉት

ተቃራኒው ወገን ከአሜሪካ ረጅም መንገዶች የተነሣ ነው። ኤማ ጌትዉድ በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላችያን መንገድ በሸራ ጫማ ጨረሰች። ሬይ ጃርዲን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ቀላል ጫማን ለረጅም ጉዞ መርሕ አደረገው። መከራከሪያቸው ሁለት እግር አለው። አንደኛው ክብደት ነው፤ በተለያዩ ሙከራዎች እግር ላይ የተጫነ ኪሎ ጀርባ ላይ ከተጫነ ኪሎ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ጉልበት እንደሚበላ ታይቷል። ሁለተኛው መድረቅ ነው፤ መረብ ጨርቅ ቶሎ ይርሳል፣ ግን ውሃውን በየእርምጃው ያፈስሳል፣ በእግር ሙቀት ይደርቃል።

ከባድ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ይጠብቃል የሚለው መልስም እንደሚታመነው ጽኑ አይደለም። በ1993 በታተመ ጥናት 622 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በረጅምና በአጭር ጫማ ተከፋፍለው ተፈትነው በወለምታ ላይ ልዩነት አልተገኘም። የስፖርት ሜዳ ወለል ግን የተንሸራታች ድንጋይና የሸክም ፈተና አይደለምና ጥያቄው አልተዘጋም።

የቀላል ጫማ ወገን ደካማ ጎን ሌላ ነው። ጌትዉድም ጃርዲንም የሚጠቀሱት በሞቃቱ ወራት ለሚደረግ ጉዞ ነው። በዜሮ ዙሪያ እርጥብ እግር የሚሞቀው እስከተራመደ ድረስ ብቻ ነው። መንገድ ለጠፋበት፣ ጓደኛው ለተጎዳበት፣ ወንዝ ሞልቶ ለቆመ ሰው ይህ አደገኛ ነው። አሁን ብዙዎች የደረሱበት ማስታረቂያ ቀላል ጫማ በኒዮፕሪን ወይም ውሃ በማያስገባ ካልሲ መጫማት ነው፤ አንዳንዶችም ደረቅ ካልሲ ላይ ተራ ፌስታል ያጠልቃሉ። በእርጥብ በረዶ ላይ ለሁለትና ሦስት ቀን ይሠራል። የጠጠረ በረዶ ሲመጣ ግን የሾለ ብረት የሚታሰርበት ጠንካራ ሶል ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ክርክሩ ያበቃል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ገዢ ከሱቅ የሚያገኘው ማስረጃ ምን ያህል ይረዳዋል? በዓለም አቀፉ የሥራ ጫማ መለኪያ ሲ አይ የሚል ምልክት ያለው ጫማ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ቆይቶ የውስጥ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ያልወረደ ነው። ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ግን ደረቅ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ውስጡም ላብ የለም። በካርቶኑ ላይ እስከ 40 ከዜሮ በታች የሚል ቁጥር ሲታይ ለማን እግር፣ ለስንት ሰዓት፣ ተቀምጦ ወይስ ተራምዶ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለ አዳር የሚናገር ምልክት የለም። እርጥብ ጫማ በ5 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በስንት ሰዓት ይደርቃል የሚለውን ተጓዥ ከሁሉ አብልጦ ሊያውቀው ይገባል፤ ካርቶኑ ግን ዝም ይላል።

መንሸራተትን በተመለከተ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ሰዎችን በእውነተኛ በረዶ ላይ፣ ወለሉን እያዘነበሉ፣ አራምደው ፈተኑ። በ2016 ካሳወቁት ውጤት፣ ከ98 የብርድ ጫማዎች ዝቅተኛውን መስፈርት ያለፉት ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር። ጥልቅ ጥርስ በጭቃና በለስላሳ በረዶ ይቆነጥጣል፤ በዚህ ረገድ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በተራራ ላይ ያለቁበት ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ በ1937 ያወጣው የቪብራም ሶል የብረት ምስማር የተመታበትን የድሮ ሶል ተክቷል። በእርጥብ መስታወት በረዶ ላይ ግን ጥርሱ ሳይሆን የጎማው ልስላሴ ነው የሚወስነው፤ ቶሎ እንዳያልቅ ተጠንክሮ የተሠራ ጎማ በብርድ ይደርቃል፣ ይንሸራተታል። ለሁሉም የሚሆን ሶል እስካሁን የለም።

ልክን በተመለከተ ሁሉም ወገን ይስማማል፤ ስለዚህ አላበዛም። ጠባብ ጫማ በካልሲ ብዛት አይሞቅም፤ የደም ዝውውሩን አፍኖ ያቀዘቅዛል። ጫማ የሚለካው ማታ፣ እግር ሲያብጥ፣ የጉዞው ወፍራም ካልሲ ተደርጎ፣ ጣቶች እየተላወሱ ነው።

የማን እግር?

ከሁሉ ያልተፈታው ነጥብ ጫማው ሳይሆን እግሩ ነው። ቶማስ ሉዊስ በ1930 በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጣት የደም ሥሩ ተኮማትሮ ከቆየ በኋላ በየጊዜው እየተከፈተ እንደሚሞቅ አሳየ። ይህ ምላሽ ከሰው ሰው ይለያያል። ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሠራዊት መረጃዎች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በብርድ ጉዳት የሚያዙት ከሌሎች በብዙ እጥፍ እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱ ግን አከራካሪ ነው። የደም ሥር ምላሽ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀድሞ ለብርድ አለመጋለጥን የሚያነሡ አሉ። አፍሪካዊ የሚለው መደብም ሰፊ ነው፤ የሰሜን ተራራ ልጅንና የጊኒ ጠረፍ ልጅን በአንድ አምድ ያስቀምጣል። በስካንዲኔቪያ ወይም በካናዳ ለሚኖር አንባቢ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጓደኛው የሚበቃውን ጫማ ለራሱ ይበቃኛል ብሎ አይውሰድ። መጻሕፍት ቀይ ሆነ፣ ነጣ እያሉ የሚገልጹት ምልክትም በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ጣቱ ደነዘዘ ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሰሜንና ባሌ

በአገር ቤት ይህ ክርክር የሚነሣው በሰሜን ተራሮችና በባሌ ነው። የሰሜኖቹ ጊጭና ጨነቅ በ3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ የባሌው ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ በጠዋት የራሰ ጫማ እኩለ ቀን ላይ ይደርቃል። ያኔ ቀላል ጫማ የሚሉት ትክክል ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ፀሐይ የለም፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ድንኳኑም ወረዛ ነው። ያኔ ሊወጣ የሚችል ገበር ያለው፣ ወይም ጭራሹን ገበር የሌለው ጫማ ከወፍራም ሜምብሬን ይሻላል ባይ ነኝ።

በዚሁ መንገድ በቅሎ የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ የተጫማው ኮንጎ ጫማ ነው። ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፤ በአንድ መራገፍ ይደርቃል። ይህን አይቶ ውድ ጫማውን የሚንቅ ተጓዥ አንድ ነገር ይዘነጋል። የበቅሎ ነጂው እግር የሚያድረው በጭድ ክዳን ሥር፣ በምድጃ ዳር ነው፤ የተጓዡ ደግሞ በድንኳን። ሁለቱ ጫማዎች የሚለያዩት በሚያድሩበት ቦታ ነው።

ለድንኳን አዳሪ ሜምብሬን ያለውም፣ ቆዳ ያለውም፣ መረብ ያለውም ወገን የሚስማማበት አንድ ልማድ አለ። አንድ ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለሌሊት ብቻ ይለያል፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል፤ ምንም ቢመጣ በቀን አይጠለቅም። ጠዋት ተጓዡ ደረቁን አውልቆ እርጥቡን ካልሲ መልሶ ያጠልቃል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መራራ ናቸው፤ እግሩ ግን ቢያንስ ስምንት ሰዓት ደርቆ አድሯል።